ዝምታውን አላሳጥርም

አባዬ፣

ከተለየኸኝ ይኸው አምስተኛ ወራችንን ያዝን። አንቱ ብዬ አልጽፍልህም። ዘመድ ሁሉ "አባቷን አንተ የምትል ስድ!" ሲለኝ "ተዉአት፣ እኔ ነኝ ያልኳት" ብለህ የተከራከርክልኝ አንተ ነህ። ዛሬ አፈር ስለተጫነህ አንቱ ብልህ ከዚያው ሆነህ ትስቅብኛለህ።

ቤታችን ተለውጧል። እህትህ እትዬ በላይነሽ ለቀብርህ ከጎጃም መጥታ በዚያው ቀርታለች። ደግ ናት፣ ግን ቤቱን እንደ ጦር ሠፈር ነው የምታስተዳድረው። ለአርባህ ዘመድ ይመጣል ብላ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ኖራ አስቀባችው። አዎ፣ ያንን ግድግዳም! ከትምህርት ቤት ስገባ መስመርህ የለም። ያን ቀን እንደ አዲስ አለቀስኩህ።

እሷ ምን ታድርግ፣ የልጅ ጭረት መስሏት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግራሞፎኑን ከፍተህ፣ ከሰል ይዘህ ሙዚቃውን ግድግዳ ላይ ስትስለው አላየችም። በተለይ ያንን ጥንት የሞተ ጀርመናዊ የጻፈውን ዝግተኛ ዜማ። "እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ሰላምታ ነው፣ ይኼ ዋናው ዜማ" ትልና መስመሩን ቀስ አድርገህ ትጎትተዋለህ። ከዚያ ወሬው ይጦፋል፣ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ጠብ ይመጣል፣ ኮርኒሱን ሊነካ ሲል ቁርጥ። ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ግድግዳ ትተህ፣ መስመሩን ከታች፣ በጣም ከታች ትቀጥለዋለህ። "ያው ሰላምታ ነው የተመለሰው፣ ግን በቫዮሊኑ ወፍራም ክር ነው። ከሩቅ መንገድ የመጣ ሰው ድምፁ እንዲህ ይጎረንናል" ትላለህ። ከዚያ ባዶውን በጣትህ መታ መታ አድርገህ ትጠይቀኛለህ፣ እዚህ ጋ ለምንድን ነው ዝም ያለው?

ሊተነፍስ ነው እልሃለሁ። አይደለም። ደክሞት ነው። አይደለም። እሺ አንተ ንገረኛ! ስልህ ትስቅና "እኔም አላውቅ፣ አንቺ ትደርሺበታለሽ" ትለኛለህ። ዕድሜ ልክህን በቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ሁለተኛ ቫዮሊን ተጫውተህ መልሱን ለኔ ጥለህልኝ ሄድክ። እሱም ውርስ ነው ይባላል!

የሙዚቃ ትምህርት ቤታችን ፈረንጅ አስተማሪ፣ ሙሴ የምንለው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይወድም። ዝምታው ኖታው ላይ ተጽፏል፣ ልኩ ይታወቃል፣ ቆጥረሽ እለፊ ነው የሚለው። የዘንድሮው ፈተና ደግሞ ይኸው ዜማ ሆነ። መጫወት ብቻ አይደለም፣ ቅርጹን እና ስሜቱን በቃል ማስረዳትም አለ። ያልተፈተነ ከትምህርት ቤቱ ይሰናበታል።

እትዬ በላይነሽ ግን ቫዮሊንህን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ሬዲዮም ግራሞፎንም እስከ ሙት ዓመትህ ድረስ አይሰማም። ልቅሶ ቤት ሙዚቃ! ሰው ምን ይለናል? የወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ! ትላለች። ለመንኳት፣ አስለመንኳት፣ የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ገብተው "ትምህርት እኮ ነው" አሏት። እምቢ። ቁልፉ መቀነቷ ውስጥ ነው።

እኔስ የማን ልጅ ነኝ? አንድ ቅዳሜ እሷ ኮልፌ ገበያ እንደወረደች ዘነዘና አንስቼ የሣጥኑን ጓጉንቸር ሰበርኩት። አልደበቅኩም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ መስኮቱን ከፍቼ ቆሜ ያንን ዜማ ጀመርኩ። ከመጣች ትምጣ ብዬ።

መጀመሪያ የመጣችው ግን እሷ አይደለችም። ከፊት ለፊታችን ያሉት እማማ ደብሪቱ ድምፁን ሰምተው ሌላ መርዶ የመጣብን መስሏቸዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከኋላቸው ጎረቤቱን ሁሉ አስከትለው፣ "ደግሞ ማን ሞተባት?" እያሉ ገቡ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ ታውቀኛለህ፣ አላቆምኩም። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ዜማው ሽቅብ ሲወጣ ደረት መድቃት ጀመሩ። ጫፉ ላይ ደርሼ ዝም ስል፣ አባዬ፣ ቤቱ በአንድ ጊዜ "ወይኔ!" አለ። ቀስቱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ከዚያ በወፍራሙ ክር ስመለስ እነሱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ስቅስቅታ ብቻ ቀረ። ማንም አልነገራቸውም እኮ! አልቃሽ ግጥሟን አውጥታ አውጥታ ቁርጥ የምታደርገው ለምን እንደሆነ እዚያው ቆሜ ገባኝ። የቀረው የለቀስተኛው ድርሻ ስለሆነ ነው። ያ ጀርመናዊም ያንን ቦታ የተወው ለሚሰማው ሰው ነው። ሁለት ጣት ግድግዳህ የሰሚው ነበር፣ አባዬ። ይኸው ደረስኩበት።

እትዬ በላይነሽ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ደርሳለች። የተሰበረውን ሣጥን አየች፣ እኔን አየች፣ አፏን ከፈተች። ግን ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶ ምን ትበል? ዘንቢሉን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ቁጭ አለች። ሰው ሲበተን "ይኼ ለካ ልቅሶ ነው? ልቅሶ ነው ብትዪኝ ኖሮ መቼ ከለከልኩሽ!" ብላ ጥፋቱን እኔው ላይ ደፈደፈችው። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። የፈተናው ቀን ደግሞ አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። ለቀስተኛ የሌለው ልቅሶ የት አገር ታይቷል?

ያ ቀን ዛሬ ነበር። ከፌርማታው አብረን ተሳፈርን። ጥቁሬን እንደለበስኩ ቆምኩ፣ እሷን በር አጠገብ አስቀመጡልኝ። ጫፉ ላይ ደረስኩና ዝም አልኩ። የተጻፈው ዝምታ አለቀ። እኔ አልተነቃነቅኩም። ሙሴ በእርሳሱ ጠረጴዛውን ነካ አደረገ፣ ቀጥዪ ማለቱ ነው። አልቀጠልኩም። ደግሞ መታው። ምን ቆርጦኝ፣ ያ ቦታ ያንተ ነው! ያን ጊዜ ከበሩ በኩል "ወንድሜ! ወይ ወንድሜ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ቀስቴን ወፍራሙ ክር ላይ አሳረፍኩና ተመለስኩ።

ሙሴ አስረጂ ሲለኝ አስረዳሁት፣ ለእማማ ደብሪቱ እንደማስረዳው አድርጌ። መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን እንዲህ አልተጻፈም፣ ቅርጹን አፍርሰሻል አለኝ። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እንደተጻፈው ካልተጫወትኩ ትምህርት ቤቱን እለቃለሁ። እመጣለሁ አልኩት። እንደተጻፈው እጫወታለሁ ግን አላልኩም። ያባርረኝ እንጂ አላደርገውም! ቆጥሬ የማልፈው አባት አልነበረኝም።

እትዬ በላይነሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። እማማ ደብሪቱም እሄዳለሁ ብለዋል፣ አውቶቡሱ ይችለን እንደሆነ እናያለን።

አባዬ፣ ቫዮሊንህ እጄ ላይ እስካለ ድረስ አልረሳህም። እንደገባሁ ከሰል አንስቼ መስመርህን ኖራው ላይ ደግሜ ሠራሁት። ባዶውን ግን ካንተ ሰፋ አደረግኩት፣ አራት ጣት። እትዬ በላይነሽ መጥረጊያ ይዛ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ባዶውን እያየች ዝም አለች።

ልጅህ