ገረባው የጠጣው ቢጫ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 13

ቢጫው ጠፋ። ሦስተኛው በርሜል ላይ መፈተሻውን ፈሳሽ ጠብ አደረግኩበት፤ መርዙ ካለ ሐምራዊ ይሆናል ብዬ ብጠብቅ ምንም አልሆነም። ሁለቴ ደገምኩት። ከፋብሪካው የጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል የሚወጣው ውሃ ቢጫውን መርዝ፣ ክሮሙን፣ ገረባው ላይ ጥሎ ነው የወረደው። ገረባ! ከመጋላ ጫት ተራ በጆንያ ያስመጣሁት፣ ቃሚ የማይፈልገው ጠንካራ ቅጠልና እንጨት። ሳጥብ፣ ሳደርቅ፣ ስከትፍ አራት ወር ሙሉ “ቃሚዋ ኬሚስት” እየተባልኩ መሳቂያ ሆኜ ከርሜያለሁ። ይሳቁ። ፍሳሻችን በሚወርድበት በደቻቱ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ቆፍረው ውሃ የሚቀዱት ሴቶች የእኛን ቢጫ ነው የሚጠጡት።

የቀረኝ፦ ሪፖርት መጻፍ። የሲሚንቶ ጉድጓድ ማስቆፈር። መርዙ ከውሃው ወጣ እንጂ አልጠፋም፤ አሁን ያለው ገረባው ውስጥ ነው። እንድመዝነው እንዲደርቅልኝ አምስቱን ጆንያ ግቢው ውስጥ ዘርግቼው ወጣሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 15

የፋብሪካችን የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ መኮንን መጣ። የጠራውን ውሃ በብርጭቆ አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን አየና ለአብዮት በዓል፣ ለመስከረም ሁለት እንግዶች ይታያል አለ። ትናንት በጻፍኩት ሪፖርት ላይ ስሜ አራተኛ ሆኗል፤ ከእሱ፣ ከሥራ አስኪያጁና ከሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቀጥሎ። አንዳቸውም ገረባ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ስለ ጉድጓዱ ብነግረው ሲሚንቶ የለም፣ ውሃው ከጠራ ሌላው ዝርዝር ነው አለ። ግቢው ይጽዳ ብሎ አዞ ሄደ። በጣም ተናድጄ ሰዓቴ ሳይደርስ ቤቴ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። ጠዋት ስገባ ግቢው ንጹሕ ነው፣ ገረባው የለም። ዘበኛው ጋሽ ግዛው ኮራ ብሎ ነገረኝ፤ ትናንት ከሰዓት ከአጥሩ ውጭ ለሰፈሩ ፍየሎች በትኖላቸዋል። “ገረባ ይጣላል እንዴ?” አለኝ። ምን ልበለው? ድሬ ላይ ገረባ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው ፍየል ነው። እኔም የዚህ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ማሰብ ነበረብኝ። “መርዝ” የሚል አንድ ወረቀት እንኳን አልለጠፍኩም።

ከሥራ ስመለስ ግድግዳ የምትጋራኝ አዴ ፋጡማ ወተት ይዛልኝ መጣች። በየዓመቱ ጾም ስፈታ የፍየሏን ወተት የምታቀምሰኝ እሷ ናት። ፍየሏ ትናንት ገረባ ጠግባ ገባችልኝ ብላ ተደስታለች። ለልጅ ልጇ ለኢፍቱም ጠዋት አጠጥታታለች። ወተቱን ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ። ስትወጣ ደፋሁት። ፈርቼ ነው። ነገ እነግራታለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 17

አጥሩ ሥር ሦስት ፍየሎች ሞተው ተገኙ። የአዴ ፋጡማ ገና ቆማለች።

ጓድ መኮንን አስጠራኝ። ሪፖርቱ እንደገና ተጽፏል፤ ሦስቱ ስሞች ወጥተው የእኔ ብቻውን ቀርቷል።

“ይኼ ከበዓሉ በፊት ከተሰማ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው የሚባለው” አለኝ። “ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ደግሞ ያንቺ ነው።”

ፍየሎቹ በበሽታ ሞቱ የሚል ሌላ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ፈረምኩ። አሻጥር ተብሎ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ቢሆንም ራሴን ጠላሁት። የአዴ ፋጡማ በራፍ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 18

ጠዋት ኢፍቱ ስታስመልስ በግድግዳው ሰማሁ። በነጠላ ጫማዬ ሮጬ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ገረባውን፣ መርዙን፣ የፈረምኩትንም ወረቀት። አዴ ፋጡማ አልጮኸችም።

“ማክሰኞ ያመጣሁልሽን ጠጣሽው?”

“አልጠጣሁትም።”

“እያወቅሽ ነበራ። እኔ እኮ ትናንትም አጠጥቻታለሁ።”

ልጅቷን አቅፋ ወጣች፤ ተከተልኳት። ክሊኒክ ስንደርስ ለሐኪሙ ክሮም ነው አልኩት። ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ጻፈው። ስሜንም ሰጠሁት። እንግዲህ የትናንቱ ፊርማዬ ውሸት መሆኑ የኢፍቱ ካርድ ላይ ሰፍሯል፤ ነገ ማን እንደሚያስጠራኝ አላውቅም። ሐኪሙ ብዙ ስላልጠጣች ትድናለች ብሏል። ግን ኩላሊቷ መታየት አለበት፣ ነገ ተመለሱ አለ።

ስንመለስ ደቻቱ ድልድይ ላይ አዴ ፋጡማ ደክሟት ቆመች። ኢፍቱን ልያዝልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ልጅቷን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛውራ መንገዷን ቀጠለች።