ሰሌዳውን ያጠፋችው የአንደኛ ዓመት ተማሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ይህ ወረቀት በደህና ቀን፣ በሙሉ ጤናሽ ያግኝሽ። እኔና አባትሽ ደህና ነን። እናትሽ በዚህ ዕድሜዋ የኮሌጅ ተማሪ ሆነችልሽ። የገባሁት አካውንቲንግ ነው፤ ግን ሳይኮሎጂ እንዴት ያለ ትምህርት መሰለሽ፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ቅር ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ጉድ ሠራሁልሽ። መምህሩ የስታትስቲክስ ጥያቄ ጽፎ ስልክ ሊያነጋግር ወጣ ሲል፣ የልጅነት የሰሌዳ አጥፊነት ተረኛነቴ መጣብኝና ተነሥቼ ሰሌዳውን ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁት።

«ኧረ እትዬ፣ ገና ገልብጠን አልጨረስንም እኮ!» አሉኝ ልጆቹ። ከዚያማ ሳቅ በሳቅ ሆንን።

ጥያቄውን ከየደብተራቸው ለቃቅሜ አያይዤልሻለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «እኔ ልሥራልሽ» ብትለኝም እምቢ አልኳት፤ ለዚህ ልጅ አለችኝ ብዬ።

ብደውል ብደውል አይገባም፤ ስልክ ቁጥርሽን ሳትቀይሪ አልቀረሽም። ያለፉትን ደብዳቤዎቼንም ፖስታ ቤት አጥፍቷቸው ይሆናል። አባትሽ በየቀኑ እየሄደ ይጠይቃል፤ «ለእግሬ ጥሩ ነው» ይላል።

ጊዜ ከሌለሽ ማብራሪያው ይቅር። መልሱ ቢሳሳትም ግድ የለኝም፤ ቁጥሩን ብቻ በእጅሽ ጻፊልኝ። የሰባት ቁጥርሽን አጣጣል የትም ባየው አውቀዋለሁ።

ባለሽበት ሰላም ዋይልኝ፣ ሰላም እደሪልኝ።

ተማሪዋ እናትሽ