ብረቱ ወድቆ ፕላስቲኩ ስላለፈበት ምርመራ

ይድረስ በየዓመቱ የመኪኖቻችንን ኮፈን አስከፍቶ፣ አይቶና መርምሮ ቦሎ ለሚሰጠን ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ፤
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ኩላሊትዎ ደህና ይሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ ኩላሊትን ነጥዬ የጠራሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገለጥልዎታል። ቤተሰብዎና ማህተምዎም በያሉበት ሰላም ይሁኑ። እኔ ታቦር ግርጌ የምኖር የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሌሎች የጻፉትን በመደርደር እንጂ ራሴ በመጻፍ አልነበረም። ይህን ደብዳቤ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ግልጽ ያደረግኩትም ከድፍረት አይደለም፤ በደጃፍዎ ያሉት ጥበቃ የታሸገ ፖስታ መቀበል ክልክል መሆኑን ስለነገሩኝ፣ ያልታሸገውን ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ብለጥፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ጉዳዩ አንዲት ታንከርን ይመለከታል። ታንከር ስል ውሃ የሚያመላልሰውን ትልቁን መኪና ማለቴ አይደለም። ኮፈን ውስጥ ከራዲያተሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሞተሩ ሲግል የሚተርፈውን ውሃ የምትቀበል፣ ሲበርድ መልሳ የምትሰጥ፣ ከመካከለኛ ዱባ የማትበልጥ ዕቃ ናት። የእኔዋ ከፋብሪካ ስትመጣ ፕላስቲክ ነበረች። ከዓመታት ሙቀት በኋላ ቀለሟ የከረመ ሻይ መሰለ፤ ቀጥሎ ተሰነጠቀች፤ በማስቲሽ ተለጠፈች፤ ከማስቲሹ አጠገብ ደግሞ ተሰነጠቀች። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሌላ ፕላስቲክ ገዝቼ ብተካት፣ ተተኪዋ የቀዳሚዋን ታሪክ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራ ደገመችው።

ይህ የእኔ ራስ ምታት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክቡርነትዎን ባላስቸገርኩ። ነገር ግን ታላቅ እህቴ እትዬ ፀጋ ቡሹሎ ትኖራለች፤ ማክሰኞና ዓርብ ከተማ እየገባች የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች፤ የምትመላለሰውም በዚችው መኪና ነው። በባጃጅ ለምን አትሄድም የሚል ሐሳብ ይመጣብዎ ይሆናል። ሞክረነዋል። እትዬ ፀጋ ከእጥበት መልስ በባጃጅ የተጓዘች ዕለት፣ «እነሱ ደሜን አጥበው ሰጡኝ፣ ባጃጁ መልሶ በጠበጠው» ብላ ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሳችም። ሁለተኛዋ ፕላስቲክ የፈነዳችውም ቡሹሎ መንገድ ላይ፣ እሷ ከኋላ ተኝታ ሳለ ነው። ያን ቀን የደረስነው በአንድ አሳ ነጋዴ መኪና ተለምነን ነው፤ ነርሶቹ የት እንደዋልን ከሽታችን አወቁ።

በዚህ ምክንያት መናኸሪያ አካባቢ ወደሚገኘው በያጅ ኤርሚያስ ዘንድ ሄጄ፣ ታንከሯን ከማይዝግ ብረት እንዲሠራልኝ ጠየቅኩት። ኤርሚያስ ለሻይ ቤቶች የሻይ ማፍያ በመሥራት የታወቀ ሰው በመሆኑ፣ ከልማድ የተነሳ ሆዷን ሰፋ፣ አንገቷን ሰብሰብ አድርጎ፣ ከታችም ቧንቧ ገጠመላት። ቧንቧው ለምን አስፈለገ ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ቧንቧ የሌለው ዕቃ ሠርቼ አላውቅም፣ እጄ እምቢ ይለኛል» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ መኪናዬ ጠብታ አላፈሰሰችም፤ እህቴም አንድ ተራ አላለፋትም። በዚህ ደስታ ላይ እያለን የቦሎ ጊዜ ደረሰና ወደ እርስዎ ጣቢያ መጣን። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

፩ኛ. ስለ ባለሙያዎ ንቁ ዓይን አመሰግናለሁ።

ያለፈው ዓርብ ነበር። ተራችን ከእህቴ የእጥበት ቀን ጋር ስለገጠመ፣ ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ለመሄድ አስበን እሷም ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ባለሙያዎ (ትሕትናቸውን ላለመጉዳት ስማቸውን አልጠቅስም) የፊቱን ጎማ መላጣነት በምሕረት ዓይን አለፉት፤ የቀኙ ፍሬን መብራት አለመብራቱንም አላዩም፤ ኮፈኑ ሲከፈት ግን ዓይናቸው እንደ ንስር ብረቷ ላይ አረፈ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው አባባ፣ ሻይ ሊያፈሉበት ነው?» አሉኝ። እኔ መልስ ስመርጥ እትዬ ፀጋ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አዎ የኔ ልጅ፣ ውሃው ፈልቷል፣ አንተ ስኳሩን ይዘህ ና» አለቻቸው። ወረፋ የያዙት ሹፌሮች ሳቁ፤ ባለሙያዎም ከሁሉም በላይ ሳቁ፤ ስቀው ሲጨርሱም «ወድቃለች» አሉ።

፪ኛ. ስለ ተሰጠኝ ማብራሪያ አመሰግናለሁ።

የወደቀችበት ምክንያት፣ ታንከሯ ከፋብሪካ ስትመጣ ፕላስቲክ ስለነበረች ፕላስቲክ ሆና መቅረት ስላለባት መሆኑ በክብር ተገልጾልኛል። ይህን መርህ በጥልቀት አሰብኩበት። እኔም ጥርስ ሳበቅል ሁሉም የራሴ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱ ብረት ናቸው፤ እስካሁን ቁርጥ ቤት በር ላይ ያስቆመኝ የለም። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ባለሙያዎ «የውሃው መጠን አይታይም» የሚል ሁለተኛ ነጥብም አንስተው ነበር፤ ይህ እውነተኛ ነጥብ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ኤርሚያስ በጎኗ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ አቁሞላታል። ይህንኑ በጣቴ ባሳያቸው፣ ቱቦው ራሱ ከፋብሪካ አልመጣም ተባልኩ። የሻይ መልክ ይዛ ውስጧ የማይታየው ፕላስቲክስ ብዬ ብጠይቅ፣ እሷ ከፋብሪካ ስትመጣ ይታይ ነበር አሉኝ። መኪናዬን አዙሬ ከበሩ ወጣሁ።

፫ኛ. ከበርዎ ውጭ ስላለው አገልግሎትም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከጣቢያው በር ማዶ በኮንቴይነር ሱቅ የሚሠራ ጠሀ የሚባል ሰው አለ። ለምርመራ የሚያስፈልግ ማንኛውም ዕቃ ከሱ ዘንድ ለአንድ ሰዓት ይከራያል፤ የእሳት ማጥፊያው፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት፣ ደህና ጎማ፣ ደህና መስታወት ሁሉ አለው። ክቡርነትዎ ይህንን የማያውቁ ከሆነ የቢሮዎን መጋረጃ ገለጥ ቢያደርጉት ይታይዎታል። ጠሀ ብረቷን ታንከር አገላብጦ አደነቀና፣ «አባቴ፣ ይቺን መያዣ ያድርጉልኝ» ብሎ ተቀበለኝ፤ በምትኩ አንዲት ፕላስቲክ ሰጠኝ፤ ራሱ ጎንበስ ብሎ ገጠመልኝ።

እዚህ ላይ ስለዚያች ፕላስቲክ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ታሪክ ይወቅሰኛል። ባለፈው ዓመት ባለመኪኖች ለምርመራ ዕቃ ይዋዋሳሉ የሚል ወሬ ደርስዎት፣ ያለፈ ዕቃ ሁሉ ላይ ቀይ የቀለም ነጥብ እንዲደረግበት አዘዙ፤ ብልህ ትእዛዝ ነበር። የጠሀ ታንከር በዚህ ትእዛዝ ምክንያት ከክዳኗ እስከ ወገቧ በነጥብ ተሸፍና፣ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መስላለች። ያው ባለሙያዎ ኮፈኑን ዳግመኛ አስከፍተው፣ አይተው፣ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብሩሻቸውን ቀለም ነክረውም ባዶ ቦታ ይፈልጉ ጀመር። በላይ አጡ፤ በቀኝ አጡ፤ አንገታቸውን አጥፈው ከታችኛው ጎኗ አንድ ጥግ አገኙና ነጥባቸውን አኖሩ። ያ ሁሉ ነጥብ ከየት መጣ ብለው አልጠየቁም፤ ሰው በሥራ ሲመሰጥ እንዲህ ነው። ሞተሩ በወረፋው ቀዝቅዞ ነበርና ፕላስቲኳም አላፈሰሰችም። አለፍን። ቦሎው ተለጠፈ። እትዬ ፀጋ ብቻ፣ «ማቲ፣ አሁን መኪናው ነው ያለፈው ወይስ እኛ?» ስትል ሰማኋት፤ የእጥበት ተራዋ እየደረሰ ስለነበር ወደ በሩ ነዳሁ።

፬ኛ. ቦሎዬ ከተለጠፈ በኋላ ስለሆነው ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምገልጽ አላውቅም።

ብረቷን ልቀበል ብሄድ ኮንቴይነሩ ተቆልፏል፤ ጠሀ ለጁምዓ መስጊድ ሄዷል፤ ይህም መብቱ ነው። ጣቢያዎም ለምሳ ተዘግቷል፤ ይህም መብትዎ ነው። የሆስፒታሉ ማሽን ግን ምሳም ጁምዓም የለውም፤ በሰዓቱ ያልደረሰ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ በሕጋዊዋ ታንከር፣ በሕጋዊው ቦሎ፣ ሕጋዊ ሆነን ጉዞ ጀመርን። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ሕጋዊዋ ታንከር በሕጋዊ መንገድ ፈነዳች። እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው። ኮፈኑን ስከፍት አንድ አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ የሐይቅ ወፍ ከመንገዱ ዳር ቀረብ ብሎ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ ባለሙያዎ ካዩት ጊዜ በሚበልጥ ትዕግሥት ሞተሩን መረመረው፤ ቀለም ስላልያዘ ምልክት ሳያደርግ ሄደ።

እትዬ ፀጋን በባጃጅ ጫንኳት። ስንደርስ ማሽኗ ላይ ሌላ ሰው ነበር። ነርሷ ከልቧ አዝና፣ «እማማ፣ ከማክሰኞ በፊት ቦታ የለኝም» አለች። ማክሰኞ ማለት ለእኔና ለእርስዎ የቀን ስም ነው፤ ለእህቴ ግን እግሯ አብጦ፣ ትንፋሿ አጥሮ፣ ለመተኛት ፈርታ ግድግዳ ተደግፋ የምታሳልፋቸው ሌሊቶች ማለት ነው። በማሽኖቹ ላይ ከተኙት አንዱ ኦሊያድ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ነርሷን ጠርቶ፣ «ከእኔ ሰዓት ላይ ቀንሱና ለእሳቸው ስጡ፤ እኔ ወጣት ነኝ፣ እስከ ማክሰኞ እችለዋለሁ» አለ። እትዬ ፀጋ «አይሆንም ልጄ፣ እናትህ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» ብትለው፣ «እናቴ ብትሰማና ባልሰጥ ነው የምትቆጣኝ» አላት። ሐኪሙ ተጠይቆ ፈቀደ። እህቴ በግማሽ እጥበት ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ልጁም ግማሹን ይዞ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደ። የጣቢያዎ ደንብ ያጎደለውን አንድ የታመመ ተማሪ ከደሙ ላይ ሞላልዎ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የመንግሥትና የሕዝብ ትብብር አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ሰኞ የፈነዳችውን ፕላስቲክ ለጠሀ መልሼ፣ ብረቷን ተቀብዬ ገና ከአካባቢው ሳልርቅ፣ ያችው ፕላስቲክ በማስቲሽ ተጠግና፣ በሌላ ሰው መኪና ውስጥ ገብታ፣ በክብር ስታልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እንኳን ደስ ያለዎት።

ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም፤ ማንም እንዲቀጣ አልሻም፤ ባለሙያዎ ጨዋ ሰው ናቸው፣ የታዘዙትን ነው የሚያዩት። ልመናዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ውሃ የሚይዝ፣ የውሃውን መጠን የሚያሳይ፣ ሞተሩ ግሎም የማያፈስ ታንከር ከምንም ይሠራ ከምን ያልፋል ብለው አንድ መስመር ይጻፉልን። ኮፈኑን ሲያዩም ሞተሩን አስነስተው፣ እስኪሞቅ ጠብቀው ይዩት። ይህ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ አማራጭ አለኝ። እህቴን ማክሰኞና ዓርብ ከቡሹሎ የሚያመላልስ፣ ከፋብሪካ እንደመጣ ሆኖ የቀረ፣ አንድም ነገሩ ያልተለወጠ መኪና ከጣቢያዎ ይመድቡልን፤ እኔ የብረቷን ታንከር ለኤርሚያስ መልሼ ሻይ አስፈላባታለሁ።

ደንብዎ እንደጸና፣ ቀለምዎ እንዳይደርቅ፣ ብሩሽዎም ባዶ ቦታ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ቦሎዬን በመስታወቴ፣ ምስጋናዬን በጥርሴ መሀል ይዤ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ማቴዎስ ላንቃሞ
ከታቦር

ማሳሰቢያ፦ ነገ ማክሰኞ ጠዋት ከቡሹሎ እንነሳለን። ብረቷ ታንከር በቦታዋ ተመልሳለች፤ ይህም ማለት በእርስዎ ደንብ ሕገ ወጥ ነን ማለት ነው። የትራፊክ ፖሊሶች ሲፈልጉን እንዳይደክሙ፣ መኪናዋ ነጭ መሆኗን፣ የምንሄደውም በዋናው መንገድ መሆኑን አስቀድሜ ማሳወቅ ይገባኛል። ሊያስቆሙን ከወሰኑ ያስቁሙን፤ አልከራከርም። ብቻ ኮፈኑ ተከፍቶ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ፣ ከቢሮዎ አንድ ወንበር፣ ቢቻል መደገፊያ ያለው፣ ቀድመው ይላኩልን፤ እህቴ እግሯ አብጧል፣ ቆማ መጠበቅ አትችልም።