ከአሳማ ጆሮ ጋር ያደረው መርፌ

ልጄ ሚርታ፣ የእናትሽ ምርቃት ደብሊን ድረስ ይከተልሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽም ደህና ነው፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያቅለሸልሸኛል።

ቅዳሜ አሳማችንን አረድን። ቋሊማው ፍሪጁን ሲሞላበት፣ አባትሽ ለመገጣጠሚያ ሕመሜ የምወጋውን መርፌ አውጥቶ ፍሪዘር ውስጥ ወተፈው፤ ከጆሮና ከእግር ጋር! በማግስቱ ምድጃ ዳር አቅልጦ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቦታው መለሰው። ሰኞ ልወጋ ካርቶኑን ሳነሳ በሞራ ተንሸራተተብኝ። ኤጭ! መድኃኒቱ የሰውነቴን መከላከያ እንደሚያዳክም፣ ትንሽ ቆሻሻ እንኳ እንደሚጥለኝ እያወቀ!

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገኸው ነው?» ብለው፣ «አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረው፤ ስጋስ ቀዝቅዞ ይቀልጥ የለ?» አይለኝም!

የቪንኮቭቺ ከተማዋ ፋርማሲስት ብላንካ ጋ ደወልኩ። «እትዬ ማንዳ፣ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሆንም። እንዳይወጉት! ሐኪሙን አነጋግሬ ሌላ አስመጣለሁ» አለችኝ።

አዲሱ የመጣው በሳምንቱ ነው። እስከዚያ ጣቶቼ አብጠው የሹራቤን ቁልፍ የሚቆልፍልኝ አባትሽ ነበር፤ በዚያው ሞራ በሸተተ እጁ። ፊቴን አዙሬ ነው የታገስኩት።

ትናንት ፍሪጁን ብከፍት ባዶ ነው። መሃል መደርደሪያው ላይ መርፌዬ ብቻውን ተቀምጧል። ቋሊማውን በረንዳ አውጥቶት፣ ላንቺ ብሎ ያስቀረውን ሳይቀር ድመት በልታዋለች።

እመቤታችን ከዚያ አገር ዝናብ ትከልልሽ። ያንቺን ድርሻ ድመቷ ሳትደርስበት ልኬላታለሁ ብዬዋለሁና፣ አደራሽን፣ እሁድ ስትደውዪ ቋሊማው ደርሶኛል፣ ጣፍጦኛል በይው።

እናትሽ ማንዳ