ካፒቴኑ የሞተበት ቦታ
ሊድስ፣ ሰኞ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2013

ውድ ወንድሜ ሮድኒ፣ የፐርዝ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ከነዝናባችን አለን። ዛሬ ጠዋት ከመጫወቻ ሱቄ ሁለት የቆርቆሮ ሮቦትና አንድ የጠፈር መርከብ ተሸጠ።

ትናንት የዚያ የልጅነታችን የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ወዳጆች መጠጥ ቤት ተሰብስበን ነበር። ጣቢያው ቴፑን ስላጠፋው፣ ካፒቴኑ ስለሚሞትበት ክፍል እንደ ወትሮው አባባን ጠየቋቸው፤ ያኔ ሲተላለፍ ካዩት መካከል እዚያ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ካፒቴኑ በረዶ ላይ ሞተ" አሉ።

"ጋሼ፣ ባለፈው ወር በረሃ ላይ ነበር እኮ የገደሉት!" አለ ትሬቨር። "ይሄ ሰውዬ ስንቴ ይሙት?"

ሁሉም ሳቀ፤ አባባም ሳቁ። ቆየት ብለው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ "ዶሪን፣ ሮድኒን ጥሪው እንጂ፤ ሊጀምር ነው" አሉኝ።

ትሬቨር አሁንም ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን "እሺ" አልኳቸው።

ልጅ ሳለህ ማይክሮፎኑን ቴሌቪዥኑ ፊት ደግነህ ድምፁን የቀዳህበት ቴፕ አንተ ጋ አለ አይደል? እስቲ አዳምጠውና ካፒቴኑ የት እንደሞተ ጻፍልኝ። ምናልባት ክፍሉ በረዶም በረሃም ይኖረው ይሆናል።

ልጆቹን ሳምልኝ፤ በደህና ያገናኘን።

እህትህ ዶሪን

ነገ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ቁልፍ ቀራጭ ጋ ሄጄ የአባባን ቤት ቁልፍ ለራሴ አስቀርጻለሁ።