ያልተቸነከረው ሳንቃ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ረመዳን ገባ። አሏህ ይዘንልህ የምለው ከልቤ ነው። ቀሪውን ግን በቁጣ ነው የምጽፍልህ፤ ቁጣዬን ደግሞ ከማን እንደወረስኩት ታውቃለህ።

የደረጃውን ምንጣፍ ነቅዬ ጥያለሁ። አሁን ሰው የሚወጣው በአንተ ዋንዛ ላይ ነው።

ልጅ ሆኜ ያ ምንጣፍ በተጠረገ ቁጥር አስሜ ይነሳብኝ ነበር። አንተ ከአምባሰል ዋንዛ አስመጥተህ አሰነጠቅህና ከደረጃው ሥር ደረደርኸው። እርጥብ እንጨት ይጣመማል፣ መጀመሪያ ይድረቅ አልክ። ለውጥ መጣ ተብሎ ሐይቅ ከተማ ሱቁን ሁሉ ቀለም ሲቀባ፣ ስትመረቂ በእንጨት ደረጃ ትወጫለሽ ብለህ ቃል ገባህልኝ። እኔ ስመረቅ ጦርነቱ ደረሰ።

ታጣቂዎቹ ሲገቡ ጫማችሁን አውልቁ አልካቸው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አለ፤ መሣሪያ የያዘን ሰው ጫማ አውልቅ ይሉታል ወይ ይለኛል። ደረጃው ጫፍ ላይ መስገጃህ ነበር። ሹምም ሀብታምም አውልቆ ነበር የሚወጣው፤ አንተ ለማንም ደንብህን አልቀየርህም። ከላይ ሆኜ አየሁ። አንዱ ጥይት አንተን፣ ሌላው የሲሚንቶ ደረጃውን መታ።

ሴት መቃብር አትሄድም ተብዬ ቤት ቀረሁ። ወንድምህ ከቀብር እንደተመለሰ ለተዕዚያ ሰው ይመጣል ብሎ ምንጣፉን ሐይቁ ዳር አሳጠበው። ደሙ አልለቅ ሲል ጀርባውን ወደ ላይ አስገልብጦ መልሶ በምስማር አስመታው። አንተን ብሎ ያለቀሰው ሰው ሁሉ የወጣው የወረደው ደምህን እየረገጠ ነው።

አጎቴን እስከ ዛሬ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ እዚህ ደብዳቤ ላይ ግን አልችልም። የተገደለውን የሚመዘግቡ ሰዎች ሲመጡ ቀድሞ ተቀበላቸውና በስኳር በሽታ ነው የሞተው አላቸው። ስኳርስ ነበረብህ፤ ጥሩ ውሸት ትንሽ እውነት ይዞ ነው የሚመጣ። እኔ አይቻለሁ ብዬ ስነሳ፣ ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው አላቸው። ሕግ ተምሬ በገዛ ቤቴ ምስክር አልሆንኩም። በኋላ፣ ታጣቂዎቹ ተመልሰው ቢመጡስ አለኝ። ፍርሃቱን እረዳለታለሁ። ሰው የተገደለበት ቤት ተከራይ አያገኝም ያለውን ግን አልረዳለትም።

እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስላንተ አሟሟት ቃል አልወጣትም። ምንጣፉን ስነቅል ግን ጉጠቱን ያቀበለችኝ እሷ ናት።

ከዋንዛህ ከፊሉን ታጣቂዎቹ አንድደውታል፤ የቀረው ግን በቃን። ከውጫሌ ያመጣሁት አናጺ ጥይቱ የቦረቦረውን ደረጃ በሲሚንቶ ልድፈነው አለኝ። እንዳይነካው ነገርኩት። እዚያ ላይ የሚያርፈውን ሳንቃ አስማምቶ አስቀመጠው፤ ምስማር ግን አልመታበትም።

ባለፈው ጁምዓ አጎቴ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ፤ ተከራይ ተገኝቷል፣ ቤቱን ልቀቂ ሊሉኝ። ሽማግሌዎቹ ከደረጃው ሥር ጫማቸውን አወለቁ። እሱ ከነጫማው ሊወጣ እግሩን አነሳ።

«ጫማዎትን ያውልቁ» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ የሞተ ላይነሳ ምን ያደርግልሻል?»

ሁሉም ሲያየው ጊዜ ግን አወለቀ። ሲወጡ ከፊታቸው ጎንበስ አልኩና ሳንቃውን አነሳሁት። ጥይቱ የቆፈረው ታየ። ያኔ እማዬ ከኋላቸው ሆና፣ «እዚህ ላይ ነው የገደሉት» አለች።

ትልቁ ሽማግሌ እዚያው ቆመው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ስለ ተከራይ ያነሳ አልነበረም። አጎቴ ጫማውን በእጁ እንደያዘ በባዶ እግሩ እስከ ግቢው በር ሄደ።

አባዬ፣ አስሜ ትቶኛል። ሌላው ደረጃ ሁሉ ድምፅ የለውም፤ ያ ሳንቃ ብቻ ሲረገጥ ጓ ይላል። እንግዳ ይደነግጥበታል፤ አናጺውም ልምታው እያለ ይመላለስብኛል። እኔ በዚህ ቤት እስካለሁ ምስማር አይነካውም። እንዴት ሞተ ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ አነሳዋለሁ።

ልጅህ