ለአንቺ ያልተሠራው ምሳ

ውድ ፎራም፣

ስምሽ ከተቀየረ ቆይቷል፤ አውቃለሁ። በምንኩስና ስምሽ ሳድቪ ሳምታ ብዬ፣ አንቱ እያልኩ መጻፍ ነበረብኝ። ዛሬ ግን ተናድጃለሁ፤ አንድ ብርድ ልብስ እየተሻማሁ አብሬያት ያደግሁትን ታናሽ እህቴን በንዴት ላይ ሆኜ አንቱ ማለት አይሆንልኝም። ትልቋ መነኩሲት ይህን ቀድመው የሚያነቡት ከሆነም ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እማዬ ወደ እናንተ መንደር የምንሄደው ልንሳለም ነው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ነበር። ውሸቷን ነው። ተራራው ላይ ያሉትን ቤተ መቅደሶች ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሳለማቸው ኖራለች። የመጣችው አንቺን ለማብላት ነው። ከመነኮስሽ ወዲህ የማታውቂው ሰው ሁሉ ደጅ ላይ ቆመሽ ምግብ ስትቀበዪ፣ ከእሷ እጅ አንዲት ቁራሽ አለመቅመስሽ እንቅልፍ ነስቷታል። እናንተ መነኮሳት በዝናቡ ወራት ብቻ ከአንድ ቦታ እንደማትነቃነቁ ስለምታውቅ፣ ዝናቡ ሳያባራ ካልሄድን ብላ ነዝንዛ ከሥራ ፈቃድ አስወሰደችኝ።

ከከተማችን ከሱራት ጀምሮ በአውቶቡስ ጭኗ ላይ አቅፋ ያመጣችውን ጣሳ አይተሽዋል። ዱቄቱን በቅቤ አምሳ፣ ጥቁር ስኳር ጨምራ የሠራችው ሱክዲ ነበር። አንቺና ባልንጀራሽ መነኩሲት የተሳላሚዎች ማረፊያችን በር ላይ ደርሳችሁ የእንጨት ሳህናችሁን እንኳ ሳታወጡ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ «ለአንቺ ብዬ ነው የሠራሁት» አለች። ከኋላዋ ሆኜ ነጠላዋን ብጎትት አልሰማችኝም። ለመነኩሴ ተብሎ የተሠራ ምግብ መነኩሴ እንደማይቀበል የማያውቅ የጃይን ሃይማኖት ተከታይ የት አለ? እኛንስ ያስተማረችን እሷ አይደለችም? አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፍሽ።

የሚቀጥለው ክፍል ደግሞ የጃሱድቤን ነው። ከራጅኮት ከተማ ለመሳለም የመጣች ወፍራም ሳቂታ ሴትዮ ናት። እናንተ እንደወጣችሁ በራችን ላይ መጥታ ተደገፈች።

«የእኔን ቂጣ ወሰዱልኝ እኮ፤ እንደው ልብ አይተው ነው መሰለኝ የሚቀበሉት» አለች።

እማዬ ጣሳውን ገጠመችው። ሱክዲውን ለተሳላሚዎች አደለችው፤ ለእኔ አንዲት አላስቀረችልኝም።

በማግስቱ ብልጠት መጣላት። ሊጡን እያሸች «ለራሳችን ነው፣ ለራሳችን ነው» ትላለች፤ ማንን እንደምታታልል እንጃ። ቂጣው እንደ ሠርግ ቤት ተቆለለ። ይህን ሁሉ ሁለት ሰው ይበላዋል ወይ ብላት «እርቦኛል» አለችኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ክፍሉ ጨለም ብሏል። ልክ በሩ ላይ ስትቆሚ እማዬ ዘልላ መብራቱን አበራችው። ፊትሽን ለማየት ነው፣ ሌላ አይደለም። ግን መብራትም እሳት ነው፤ በእናንተ ምክንያት እሳት ከተነካ ከዚያ ቤት ምግብ አትቀበሉም። ሳህንሽን ወደ ነጠላሽ መልሰሽ ዞርሽ። እሷ ማብሪያው ላይ እጇን እንዳደረገች ቀረች።

እስቲ እውነቱን ልንገርሽ፤ ያን ጊዜ የበገንኩት በእሷ ሳይሆን በአንቺ ነው። ጉንዳን እንዳትረግጪ መሬት መሬት እያየሽ ትሄጃለሽ። እናትሽን ግን ረግጠሻት ሄድሽ። ሥርዓቱን አውቃለሁ፣ አክብረሽ መኖርሽንም አደንቃለሁ፤ ቢሆንም አንዴ ዞር ብለሽ ብታያት ምን ነበረበት?

ከዚያ በኋላ እማዬ ተስፋ ቆረጠች። ጃሱድቤን ነገም ይመጣሉ ብላ ልታጽናናት ብትሞክር፣ «ተይኝ እስቲ። ልጅ ነበረችኝ፣ ሰጠኋት፣ አለቀ» አለቻት። ሻንጣችንን አሰረች። ያ ሁሉ ቂጣ እንዳይጣል የበላሁት እኔ ስለሆንኩ ሆዴ ተበላሽቶ አደረ። ጠዋት ላይ እንዲህ ሆኜ አውቶቡስ እንደማልሳፈር ስታይ፣ እያጉረመረመች ሩዝና የማሾ ክክ ጣደችልኝ። የታመመ ሰው ምግብ ነው፤ እኔ ደግሞ ደህና ሆኜም እወደዋለሁ። አንቺ ከቤት ከወጣሽ ወዲህ እቤታችን የሚበላው አንቺ የምትወጂው ብቻ ነው። ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነገር ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ሆዴን እያመመኝም ቢሆን ደስ ብሎኝ ነበር።

ይኸኔ መጣሽ።

እማዬ ከምድጃው አጠገብ አልተነሳችም። ያንን ዝቅ ያለ ድምፅሽን አሰምተሽ «ይህ ለማን የተሠራ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽ።

«ለእሷ ነው፤ ሆዷን አሟት። ለእርስዎ አልሠራሁም» አለችሽ።

በትሕትና የተናገረች መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ በቁጣ ነው። አንቺ ግን ሳህንሽን ዘረጋሽ። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። ምን እላለሁ? ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ። አንድ ጭልፋ ጨለፈችልሽ፣ «ይበቃል» አልሽ፤ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰች።

በአውቶቡሱ ውስጥ እስከ ሱራት ድረስ «ወሰደች፤ አየሽ አይደል፣ ወሰደች» ስትል መጣች። ለትኬት ቆራጩም ነገረችው። እዚህ ከደረስንም የማትነግረው ጎረቤት የለም። ለእኔ የተሠራ እንደነበር የሚያስታውስ ግን አንድ ሰው አላገኘሁም። ቀንቻለሁ፣ አልዋሽሽም። በየቀኑ የምበላላት እኔ ነኝ፣ የሚለቀስላት ግን አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ግን ደብቄአታለሁ። እናንተ ስትሄዱ የተረፈውን በላሁት። በንዴት ስትሠራው ጨው ረስታዋለች፤ አፍ ላይ እንደ ጭቃ ነው። አንቺም ያንን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጠርገሽ እንደበላሽው አውቃለሁ፤ ጣዕም ማማት አይፈቀድልሽም። ከሳህንሽ በፊት አልቀመሰችውም፣ በኋላም ከደስታዋ ብዛት እህል አልቀመሰችም። እንዴት ነበር ብላ ስትጠይቀኝ በሕይወቴ እንዲህ ያለ አልበላሁም አልኳት።

ለአንቺ መዋሸት ክልክል ነው። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት መጥታ ብትጠይቅሽ፣ እባክሽ ዝም በዪ። ውሸቱን እኔ እሸከመዋለሁ።

ለአንቺ ተብሎ ስለሆነ የማትቀበዪው ሰላምታዬ ይድረስሽ፣
ታላቅሽ ሄታል